በዓመት አንዴ የሚነቃው ኮረብታ

ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ አዛውንቶችን መርዳት ነው። ደቡብ እንግሊዝ፣ ሃምፕሻየር ውስጥ፣ አንዶቨር በምትባል ከተማ ዙሪያ። ጠዋት ቁርስ አቀርባለሁ፣ ኪኒን አስታውሳለሁ፣ ካልሲ አጠልቃለሁ። ለሚቀጥለው ቤት እየረፈደብኝም ቢሆን ትንሽ ጨዋታ እሰማለሁ። ከሁሉም ጨዋታቸው የሚጥመኝ አንድ ሰው አሉ። ሰማንያን አልፈዋል። በስሜ ጥራኝ ይሉኛል፤ እንግሊዝኛ አንቱታ የለው፣ እጠራቸዋለሁ። በልቤ ግን ጋሼ ናቸው።

አንድ ቀን ስለ አባታቸው ውሻ አጫወቱኝ። አባታቸው የሰው በግ የሚጠብቁ ደመወዝተኛ እረኛ ነበሩ። በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ የጌታቸውን መንጋ ይዘው ዌይሂል ገበያ ይሄዳሉ። ልጅየውም ይከተላል። በጎቹ ይሸጣሉ። ገዢው መንጋውን እየነዳ መሄድ ሲጀምር ውሻው ሾልኮ ይወጣና ዞሮ ከፊታቸው ይቀድማል። እንደለመደው ሆዱን ከመሬት አስጠግቶ፣ ዓይኑን ተክሎ፣ ወደ ጌታው ሊመልሳቸው ይታገላል። አባት ያፏጫሉ። ውሻው አንዴ አባትን፣ አንዴ በጎቹን ያያል።

«ውሻ ሽያጭ አይገባውም» አሉኝ። «በገመድ አስረን ነው የመለስነው። እቤት እስክንደርስ ወደ ኋላ እያየ።»

በጎቹ ስንት ተሸጡ ብዬ ጠየቅኳቸው። አያስታውሱም።

ይህ ገበያ ዛሬ የለም። ለመጨረሻ ጊዜ የቆመው በ1957 ነው፤ የማወራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኔ ከዚያ ጨዋታ በፊት ዌይሂልን የማውቀው በመንገድ ምልክት ብቻ ነበር። ከአንዶቨር በስተ ምዕራብ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስቶንሄንጅ ወደሚሉት ጥንታዊ የድንጋይ ክበብ የሚወስደው ትልቁ መንገድ በአጠገቡ ያልፋል። መኪናው ሁሉ በጥድፊያ ነው የሚያልፈው። «ሂል» ማለት ኮረብታ መሆኑን ታውቃላችሁ። ወሎ ተወልዶ ላደገ ሰው ግን ይሄ ኮረብታ አይደለም፤ ትንሽ ከፍ ያለ ሜዳ ነው። እንግሊዞች በዚህ ጉዳይ ቶሎ ይረካሉ።

ከጨዋታው በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ገረመኝ። ያ ሜዳ አንድ ጊዜ ከእንግሊዝ ትልልቅ የበግ ገበያዎች አንዱ፣ እንዲያውም ትልቁ ይባል ነበር። ዳንኤል ዴፎ የሚባል እንግሊዛዊ ጸሐፊ በ1720ዎቹ አገሩን ዞሮ ሲጽፍ እዚህ በአንድ ገበያ ግማሽ ሚሊዮን በግ ይሸጣል መባሉን አስፍሯል። ነጋዴ የሚናገረው ቁጥር ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ ግማሹን ቀንሱለት። ግማሹም ብዙ ነው።

ገበያው ከዴፎም በጣም ይቀድማል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈ ረጅም የእንግሊዝኛ ግጥም ውስጥ ስግብግብነት ሰው ሆኖ ኃጢአቱን ይናዘዛል። በወጣትነቱ ሸቀጥ ይዞ ወደ ዌይ፣ ማለትም ዌይሂል፣ እና ወደ ዊንቸስተር ገበያ እንደወረደ፣ መዋሸትና ሚዛን ማጭበርበር እንደተማረ ይናገራል። እኔ በዚህ ስቄያለሁ። ከስድስት መቶ ዓመት በፊትም የዌይሂል ስም ሲነሳ የሚነሳው ከአጭበርባሪ ጋር ነው። ኋላ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወጣ አንድ ዝነኛ ልብ ወለድ፣ ሰክሮ ሚስቱን በገበያ ላይ የሚሸጥ ሰው ታሪክ፣ መነሻውን ከዚሁ ገበያ ወሰደ። ዛሬ ዌይሂልን የሚያነሳ ሰው ቢኖር አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው ያንን ነው። በጎቹን ማንም አያነሳም።

ለምን እዚያ ሜዳ ላይ? ከተማ የለበትም። ወንዝ የለበትም። ያለው መንገድ ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጥ፣ ሃሮው ዌይ የሚሉት እጅግ ጥንታዊ የእግር መንገድ በዚያ ያልፋል፤ ሌሎች የመንጋ መንገዶችም እዚያው ይገናኛሉ። መሬቱ ኖራ ነው፤ አፈሩ ስስ፣ ሣሩ አጭር፣ ለበግ የተፈጠረ። በዚያ አገር በግ ዋናው ጥቅሙ ሥጋውና ሱፉ ብቻ አልነበረም። ቀን ኮረብታው ላይ ይግጣል። ማታ እርሻው ላይ ከቀጭን እንጨት በተጠለፈ፣ እየነቀሉ በሚተክሉት አጥር ውስጥ ይታጎራል። ሌሊቱን ሙሉ እርሻውን ፍግ ያለብሰዋል። ጠዋት አጥሩ ተነቅሎ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ይላል። እንዲህ እያሉ ማሳውን በሙሉ ያዳርሱታል። ስንዴው የሚበቅለው በበጉ ነው ማለት ይቻላል። እረኛም በዚህ ምክንያት የተከበረ ሰው ነበር። አዛውንቱ ስለ አባታቸው ሲያወሩ ወገባቸው ቀና ይላል።

ክረምቱ ሳይገባ፣ መኖ ሳያልቅ፣ ትርፉን በግ መሸጥ አለ። ስለዚህ ገበያው መጸው ላይ ነው። ቀኑ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ነው፤ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያንም የሚካኤል ነው። በእንግሊዝ ሚካኤል ሴፕቴምበር 29 ይውላል። ገበያው ግን በኦክቶበር 10 ግድም ነበር የሚቆመው። ይህን ሳነብ ግራ ገባኝ፤ ከዚያ ገባኝ። እኛ በሁለት ካሌንደር የምንኖር ሰዎች ነን፣ ቶሎ ነው የሚገባን። እንግሊዝ በ1752 የዘመን አቆጣጠሯን ስትለውጥ አሥራ አንድ ቀን ዘለለች። ሴፕቴምበር 2 ማታ የተኛ ሰው የነቃው ሴፕቴምበር 14 ነው። በዓሉ ከወረቀቱ ጋር ሄደ። ገበያው አልሄደም። ሕጉ ራሱ የከብትና የሸቀጥ ገበያዎች በድሮው ትክክለኛ ቀናቸው እንዲቆሙ ፈቀደ። በግ ካሌንደር አያነብማ። የድሮው ሚካኤል እያሉ በኦክቶበር መገበያየታቸውን ቀጠሉ፤ ሌላ ሁለት መቶ ዓመት። በእኛ ሲቆጠር መስከረም ማለቂያ ላይ መሆኑ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ዓመቱን ሙሉ ባዶ የሆነ ሜዳ። በዚያ ሰሞን ከዌልስ ድረስ ከብት ይነዳል። የቺዝ ጋሪ ይመጣል፣ ቆዳ ይመጣል፣ ጨርቅ ይመጣል። ሆፕም ይመጣል፤ ቢራቸውን የሚያመርሩበት አበባ፣ የእነሱ ጌሾ በሉት። ዳስ ይተከላል፣ ጉረኖ ይሠራል፣ መጠጥ ቤቶቹ ይሞላሉ። ሌባም አይቀርም። ዳኛም አይቀርም። እንዲህ ባሉ ገበያዎች የሚቆም የራሱ ችሎት ነበር፤ ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን «አቧራ የለበሰ እግር» ማለት ነው። ነጋዴው መንገደኛ ስለሆነ፣ አቧራው ከእግሩ ሳይራገፍ ጉዳዩ ታይቶ እዚያው ይፈረድለታል። ቀጠሮ የለም። ነጋድራስን የሚያስታውስ ነገር ነው። የእኛ ነጋድራሶችም ቀረጥ ከመሰብሰብ ሌላ የነጋዴን ክርክር ይዳኙ ነበር።

ሰውም ሥራ ፍለጋ ይመጣል። በሚካኤል ሰሞን የእርሻ ሠራተኛው የዓመት ውል ያልቃል። አዲስ ጌታ የሚፈልግ ሰው ሙያውን ባርኔጣው ላይ ያደርጋል፤ እረኛ ከሆነ ቁንጥር ሱፍ፣ ጋሪ ነጂ ከሆነ የጅራፍ ክር። ቆሞ ይጠብቃል። ገበሬው እየዞረ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይከራከራል። ከተስማሙ ሽልንግ እጁ ላይ ያደርግለታል። ያቺን ሽልንግ የተቀበለ ሰው ለዓመት ታስሯል። ብዙዎቹ ማታውኑ ይጠጧታል አሉ። እኔም ሥራ ለማግኘት ፎርም ሞልቼ፣ ፎቶ ለጥፌ፣ በስልክ ተጠይቄ ነው የተቀጠርኩት። ቁንጥር ሱፉ ሳይሻል አይቀርም።

ስለ መጠጡ ካነሳን አንድ ልማዳቸውን ልንገራችሁ፤ ይሄ የዌይሂል የራሱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያው የመጣ ሰው «ውርንጭላ» ይባላል። ማታ መጠጥ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። ሁለት ቀንድ ያለው ቆብ ጭንቅላቱ ላይ ይደፉበታል። በቀንዶቹ መሀል ዋንጫ አለ፤ በቢራ ይሞላል። ዙሪያውን ሆነው ስለ ፈጣን ጥንቸል፣ ስለ ብልጥ ቀበሮ፣ ስለሚያድግ ጥጃ የሚል ግጥም ያወርዱበታል። የግጥሙ መጨረሻ «እንደ አባትህ ባለ ትልቅ ቀንድ ሆነህ ሙት» እንደማለት ነው። በነሱ ቋንቋ ቀንድ የበቀለበት ባል ማለት ሚስቱ የወሰለተችበት ነው፤ ስለዚህ ምርቃት ነው ስድብ ነው መለየት ይከብዳል። ከዚያ ቢራውን ይጠጣል፣ ለሁሉም ሌላ ይገዛል፣ ውርንጭላነቱ ያበቃል። አዛውንቱን ይህን ስጠይቃቸው አባታቸው ተደርጎባቸው እንደነበር ነገሩኝ። እሳቸው ላይ ግን አልደረሰም። ለመጠጥ ሲደርሱ ገበያው አለቀ። «ውርንጭላ ሆኜ ቀረሁ» ብለው ሳቁ።

ካነበብኩት ሁሉ አልረሳ ያለኝ አንድ ልጅ አለ። ዊልያም ኮቤት ይባላል፤ ኋላ ኃይለኛ ጋዜጠኛ፣ ከዚያም የፓርላማ አባል የሆነው ነው። አባቱ ፋርንሃም በሚባል የሆፕ አገር ገበሬ ነበር። በየዓመቱ ከልጆቹ አንዱን ብቻ ይዞ ዌይሂል የሆፕ ገበያ ይሄዳል። ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለበጋው ሥራ ሽልማት መሆኑ ነው። በ1776 ተራው የዊልያም ሆነ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ትንሽ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ሄደ። ከወንድሞቹ አንዳንዶቹ ይበልጡት ነበርና አኮረፉ።

ማታ ነጋዴውና ገበሬው ለራት ተቀምጧል። ፖስታ ደረሰ። ልዩ ጋዜጣ ይዟል። የእንግሊዝ ጦር አሜሪካ ውስጥ ሎንግ አይላንድን መያዙን የሚያበስር ነው፤ ውጊያው የተደረገው ኦገስት መጨረሻ ላይ ነው፣ ወሬው ባሕር አቋርጦ እስኪደርስ ኦክቶበር ሆነ። ከለንደን የመጣ አንድ የሆፕ ደላላ ወንበሩን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ፣ እላዩ ተቀምጦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ተቃወሙት። ጭቅጭቅ ተነሳ። የዊልያም አባት ለአሜሪካኖቹ የሚያደላ ሰው ነው። የልጁን እጅ ይዞ ተነሳና ወደ ሌላ ክፍል ገባ። እዚያ እንደሱ የሚያስቡ ደርዘን ያህል ሰዎች አብረው ራት በሉ፤ ለጆርጅ ዋሽንግተን ጤንነት ደጋግመው ጽዋ አነሱ።

ገበያ ዕቃ ብቻ የሚለዋወጡበት ነው የሚል ሰው ይህን ይስማ። ያ ሜዳ በዚያ ሌሊት ሬዲዮም፣ ጋዜጣም፣ ፓርላማም ነበር። የሆፕ ዋጋና የአሜሪካ ነጻነት በአንድ ማዕድ።

ኮቤት ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ በ1822 ተመልሶ መጣ። አሁን ሽበታም ነው። የጻፈውን ሳነብ መጀመሪያ የሚያነሳው ያቺን ፈረስ ነው። እንዴት ኩራት ኩራት እንዳለው፣ ወንድሞቹ እንዴት እንደከፋቸው። ከዚያ ነው ወደ ሒሳቡ የሚሄደው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግ ሻጮች ከዚህ ገበያ 300,000 ፓውንድ ያህል ይዘው ይመለሱ ነበር ይላል። በዚያ ቀን ግን 70,000 እንኳ አልሞላም። ከናፖሊዮን ጦርነት በኋላ ዋጋ ወድቆ ነበር፤ የመሬቱ ኪራይ ግን አልወደቀም። የገበሬዎቹ ፊት መከራቸውን ይናገራል ብሎ ጽፏል። ሒሳቡን የጻፈው ለፖለቲካው ነው። ፈረሷን ግን ለራሱ ነው የጻፋት፤ እኔ እንደዚያ ይመስለኛል።

ያኔ ገበያው አልሞተም። አንድ መቶ ሠላሳ አምስት ዓመት ቀጥሏል። የገበያ ሞት የሰው ሞት አይደለም፤ ቀኑ አይታወቅም። ብዙ ሰው ባቡሩ ገደለው ይላል። በ1882 ባቡር ዌይሂል ድረስ ገባ፤ ጣቢያም ተሠራለት። በጎቹ በእግር መምጣት ተዉ፣ በፉርጎ መጡ። መጀመሪያ ገበያውን የጠቀመው ይመስላል። ግን ባቡር ያለበት ከተማ ሁሉ ጣቢያው አጠገብ በየሳምንቱ የከብት ጨረታ ማካሄድ ይችላል። በየሳምንቱ መሸጥ ከቻልክ ዓመት የምትጠብቀው ለምንድን ነው? በዚያው በ1882 ደግሞ ከኒውዚላንድ የበረደ የበግ ሥጋ የጫነች የመጀመሪያዋ መርከብ ለንደን ገባች። ማዳበሪያም በከረጢት መሸጥ ጀምሯል፤ ማሳውን ለማዳበር በግ ማሳደር የግድ መሆኑ ቀረ። ኋላ የጭነት መኪና መጣ። እያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ ነገር ነው።

ባቡሩም ቢሆን ብዙ አልቆየ። ገበያው በ1957 ቀረ፤ ጣቢያው በ1961 ለመንገደኛ ተዘጋ። አራት ዓመት ብቻ።

አዛውንቱን የመጨረሻውን ገበያ እንዴት እንደነበር ጠየቅኳቸው። ነገረኛ ጥያቄ ነው መሰለኝ። «የመጨረሻው መሆኑን ማን ነገረን?» አሉኝ። «ጭቃ ነበር። በግ ትንሽ ነበር። ሚቀጥለው ዓመት ይሻላል ብለን ነው የሄድነው።»

የሚያስታውሱት ሌላም አለ። አባታቸው ከገበያው በፊት ለቀናት በጎቹን በመቀስ ሲያስተካክሉ፤ ጀርባቸውን እንደ ጠረጴዛ ለጥ አድርገው። ሱፉን ቀላ ባለ ቀለም ሲነክሩት፤ በግ እንደ ሙሽራ ይዋባል። የረጠበ ሱፍ ሽታ። ሁለት ሰዎች መዳፍ ለመዳፍ ሲማቱ የሚሰማው ጧ የሚል ድምፅ፤ ሽያጭ አለቀ ማለት ነው። ሻጩም ከተቀበለው ገንዘብ ላይ ጥቂት ሳንቲም ለገዢው ይመልሳል፤ የዕድል ገንዘብ ይሉታል። እኛ ምርቃት እንላለን አልኳቸው። ቃሉን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። አልሆነላቸውም፣ ግን ወደዱት።

እኔም የራሴን ነገርኳቸው። ልጅ ሆኜ አባቴ ባቲ ገበያ ይወስደኝ ነበር። ባቲ የሰኞ ገበያ ነው። ከቆላ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይወጣል፣ ከደጋ አማራውና ኦሮሞው እህሉን ይዞ ይወርዳል። አባቴ ምን እንደሸጠ አላውቅም። ጉልበቷ ታጥፎ የታሰረች ግመል አጠገብ አስቀምጦኝ ሄደ። እያመነዠከች ቁልቁል ታየኛለች። እንደዚያ የናቀኝ ፍጡር እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

እኛ አገር ከተማው ራሱ በገበያው ቀን ይጠራል። ሐሙሲት አለ፣ ሰንበቴ አለ። ዌይሂልን ካነበብኩ በኋላ ይህን ነገር በደንብ ያየሁት ይመስለኛል። ገበያ ቦታ አይደለም፤ ቀን ነው። ሰው ሁሉ «በዚያ ቀን እዚያ እንገናኝ» ብሎ የተስማማበት ነገር ነው። ሜዳው ዛሬም አለ። መንገዱም አለ፣ ሚካኤልም አለ። ቀኑ ነው የሌለው።

አንድ ዓመት ኦክቶበር 10 የዕረፍት ቀኔ ሆነ። አዛውንቱን በመኪናዬ ይዣቸው ሄድኩ። ደንቡ ይፈቅድ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከድሮው የገበያ ዳሶች የተረፉ ዝቅ ዝቅ ያሉ ክፍሎች አሉ፤ አሁን የእጅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ይሸጡባቸዋል። እሳቸው ወደዚያ አላዩም። ከመኪናው አልወረዱም፤ እግራቸው እሺ አይልም። መስኮቱን ዝቅ አድርጌላቸው ሻይ ከቴርሞስ ቀዳሁ። በጣታቸው አየሩ ላይ እየሳሉ ጉረኖው ከየት እስከ የት እንደነበር አሳዩኝ። ከዚያ ዝም አሉ። ከትልቁ መንገድ የመኪና ድምፅ ይመጣል።

«ዛሬ ሰው አልወጣም» አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው። ሁለታችንም ሳቅን።

ቆየት ብለው «ያንተ ገበያ ግን አሁንም ይቆማል?» አሉኝ።

«አዎ። በየሰኞው።»

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

ሰኞ ነበር። ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ሰዓት ነው፣ ከሰዓት በኋላ፤ አገር ቤት አሥር ሰዓት ሆኗል። ነገርኳቸው።

ጽዋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ወደ ቤት እየነዱ ነው» አሉ። «ያልተሸጡትን።»